ይቺማ ትንሽ ቀዳዳ ናት

«እማማ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፤ ያኛው ወንበር ይወላገዳል። ብርዱስ ዛሬ! መስኮቱን ዝጉልን ብዬ ነበር፣ የሰማኝ የለም። ሻርፑን ትከሻዎ ላይ ጣል ያድርጉት… እንዲያ።»

ታላቅ እህትየዋ ይህን ያለችው ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ውስጥ ነው። ታናሿ የተረከዝ ጅማቷ ተበጥሶ ለሁለተኛ ጊዜ ገብታለች። ከታላቅየዋ አጠገብ የተቀመጡት የታናሿ አማት ናቸው። ልጃቸው፣ የታናሿ ባል፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ታላቅየዋ ወደ እሱ ዞር አላለችም። ድምጿን ግን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«እንዴት ያለ ዘመን ላይ ደረስን፣ እማማ! ድሮ እኮ ይህን ጅማት ለመጠገን እግሩን ተልትለው ነበር አሉ የሚከፍቱት። አሁን ጥቃቅን ቀዳዳ በስቶ፣ ክሩን በቆዳ ሥር አሾልኮ፣ ሁለቱን ጫፍ ሰብሰብ አድርጎ መቋጠር ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ጠባሳዋን በመነጽር ነው የፈለግሁት። ዓይናማ ሰው ግን አይጠፋም… አንድ የማውቀው ባል አለ፤ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ በር ላይ እንደቆመ፣ ‹ይቺማ ትንሽ ቀዳዳ ናት› አለ። ሐኪሙ ዕድሜውን የፈጀበትን ትምህርት በአንድ እይታ ጨረሰው! መታደል አይደለም?

ሲያስታምምም እንደ ስፌቱ ነው፤ አይታይም። እንዳይረብሻት ብሎ አመሻሹን ሁሉ ከጓደኞቹ ጋር ያሳልፍ ነበር። እንዲህ የሚጨነቅ ባል ዛሬ ከየት ይገኛል?

‹ጅማቱ እስኪጠነክር የድጋፍ ጫማውን አውልቀሽ እንዳትራመጂ› ተብላለች፤ እኔም ሰምቻለሁ። ግን ሰውየው ሹመት አገኘ፣ የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ መጣ። ያንን ጥቁር ግዙፍ ነገር ተጫምታ አጠገቡ ብትቆም ፎቶው ምን ሊሆን ነው? ‹ለአንድ ፎቶ አውልቂው፤ ምን አለበት?› አላት። እሺ አለችው። እሷ መቼ እምቢ ታውቃለች? ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ስትወርድ ደረጃ ሳተች… ጧ! ከኋላ ሰው የመታት መስሏት ዞር አለች። ማንም አልነበረም። ከኋላዋ ሰው ኖሮም አያውቅ፣ እማማ።»

አማትየዋ ሻርፓቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። መስኮቱ ሥር፣ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ጣት ቆሟል።

«ፎቶው ግን ሲያምር! እሱ መሀል ላይ፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሱን ገልጦ። እሷ ዳር ላይ ተቆርጣ ግማሽ ክንዷ ይታያል… ይበቃታል።

ዛሬ ሐኪሙ ‹በትንሽ ቀዳዳ አይሆንም፣ ጅማቱ ተተልትሏል፣ ከፍቼ ነው የምጠግነው› ብሏል። እሰይ! ጠባሳው ይርዘም፣ ከሩቅ ይታይ፤ ዓይነ ደካማ እንዳይቸገር። ጠዋት ደግሞ ‹ስትወጪ አስታማሚሽ ማነው?› ብሎ ጠየቃት። ‹እህቴ። እሷ ቤት ነው የምገባው› አለች። ‹ባልሽ እያለ?› ቢላት፣ ‹እሱ ቤት አልመለስም› አትለውም? እኔ እንኳ ደነገጥሁ። ለካስ እምቢ ማለት ታውቃለች!

የእርስዎን ልጅ ማለቴ እንዳይመስልዎት ደግሞ። የእርስዎ ልጅማ… እርስዎ አሳድገውት?»

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ብቅ ብላ በሰላም ማለቁን ነግራቸው ተመለሰች። ታላቅየዋ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አሁን ገና ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ፈገግ አለችና እዚያው እያየች ለአማትየዋ እንዲህ አለች፦

«ተመስገን! እንግዲህ ያን የማውቀውን ባል ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ ክፉ አይንካው። ሰው ነውና አንድ ቀን አልጋ ላይ ቢውል ደግሞ… ልክ እንደ ራሱ ያለ አስታማሚ ይዘዝለት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ እማማ!»