የጋሼ ጥጥ ካምቢዮ

ዳገቱ አጋማሽ ላይ መኪናው እንደገና መዋለል ጀመረ። ማርሹን የሚቀይረው ካምቢዮ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ይወርዳል፤ ወዲያው ሐሳቡን ቀይሮ አምስተኛ ይላል፤ ደግሞ ይወርዳል። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው ፈቅ አይልም። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሽማግሌው ሹፌር ዳር ይዘው ቆሙና ወረዱ። ተሳቢው ላይ በእንጨት ፍሬም የታሰረ የመስኮት መስታወት ጭነዋል።

የመንገዱ ሰው ሁሉ "ጋሼ ጥጥ" ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን መስታወት ሲጭኑ አንድም አልተሰበረባቸው፤ ማርሽ ሲቀይሩ አጠገባቸው የተኛ ሰው አይነቃም። ይህን አውቶማቲክ መኪና እንደገዙም መጀመሪያ ያደረጉት ጋራዥ ወስደው "ማርሽ ሲቀይር እንዳይሰማኝ አድርጋችሁ አለስልሱልኝ" ማለት ነበር። አለሰለሱላቸው። ካምቢዮው ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ። አሁን ያለው ሁለተኛው ነው፤ ይህንንም እንደዚያው አስለስልሰውታል። ይህም ከሄደ መኪናው ይሸጣል፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ መሪ የሚያስጨብጣቸው የለም፤ ቤት ውስጥ ወንበር እያሞቁ መቅረታቸው ነው። ይህን ሲያስቡ እግራቸው አንድ ቦታ አልቆም አለ። መኪናውን ዞሩት፤ ጎማ ረገጡ፤ ደግሞ ዞሩት።

እንዲህ ሲሽከረከሩ አንዲት ፒክአፕ አጠገባቸው ቆመች። የወረደችው የወንድማቸው ልጅ ናት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ካምቢዮ ተምራ የራሷን ጋራዥ ከፍታለች። ሽማግሌው ግን ሥራዋን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። ኮምፒውተር ታቅፎ መኪና ሥር መግባት ያስቃቸው ነበር።

"አጎቴ! ደህና ነዎት? ምን ገጠመዎት?"

"ምንም አልሆንኩ፣ ልጄ። ትንሽ ሞቆት ነው። ይበርዳል።"

ልጅቷ የዘይቱን መለኪያ መዝዛ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች።

"ይሄ መሞቅ አይደለም፤ መቃጠል ነው። ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ልንገርዎት?"

"ተናገሪ እንጂ። ለመናገር አይደል የተማርሽው?"

አጎቷን ስለምታውቃቸው ሳቀች።

"ካምቢዮውን እንዲህ ያለሰለሰው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ ያስለሰለስኩት። ምን አጠፋሁ? የምጭነው መስታወት እኮ ነው!"

"አላጠፉም። ግን ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚይዙ ዲስኮች አሉ። የሚያጣብቃቸው የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀነስ ቀስ ብለው ስለሚያያዙ እርስዎ አይሰማዎትም። መኪናው ባዶ ሲሆን ብዙም አይከፋም። ተሳቢ ሲጎትት ግን እስኪያያዙ ድረስ ይፋተጋሉ። እርስዎ ልስላሴ የሚሉት ያንን መፋተግ ነው።"

"እና እንዲንገጫገጭ ላድርገው? የሚንገጫገጭ ነገር ይሰበራል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም።"

በሽማግሌው አንፍረድ፤ ብዙዎቻችን እንደሳቸው ነን። ድምፅ ያሰማውን ጥፋተኛ እናደርጋለን፤ ዝም ብሎ የሚያልቀውን ደህና ነው ብለን እናልፈዋለን።

ልጅቷ ከተሳቢው ላይ ትርፍ ገመድ ፈታች። "ይህን ላላ አድርገው ይያዙልኝ" አለችና ሳብ አደረገችው። ገመዱ በመዳፋቸው ውስጥ ሾልኮ አለፈ።

"ኧረ እጄን!"

"አሁን ጨበጥ አድርገው ይያዙት።" እንደገና ሳበች። የሽማግሌው ትከሻ ተነቀነቀ፤ መዳፋቸውን ግን ምንም አላለውም።

"የቱ ጎዳዎት?"

"የላላው" አሉ ሳይወዱ በግድ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። "ግን ትከሻዬ መስታወት አይደለም።"

ልጅቷ ገመዱን እየጠቀለለች ወደ መስታወቱ አየች። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ቆም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ቢኖረው እንዴት ጥሩ ነበር።

"እውነትዎን ነው" አለች በመጨረሻ። "እንግዲያው ጉልበት ሲጠየቅ ብቻ እንዲጨብጥ እናድርገው፤ ሜዳ ላይ ሲያዘግም እንደልማዱ ይለስልስ። ዳገት ላይ አራተኛን ይዞ ይውጣ፤ ቁልቁለት ላይም ማርሹ መኪናውን ይያዝና ፍሬንዎ ይረፍ። ዘይቱን እንቀይራለን፤ ማቀዝቀዣም እንጨምርለታለን። ፍሬሙ ሥር ደግሞ ወፍራም ጎማ እናንጥፍ። መስታወት መጠበቅ የፍሬሙ ሥራ ነው እንጂ የካምቢዮው አይደለም፣ አጎቴ።"

ሽማግሌው የመስታወቱን ፍሬም በእጃቸው ነካ አደረጉ። "ቢሰበርስ?"

"መስታወቱ ከተሰበረ ካምቢዮውን እንደነበረው እመልሰዋለሁ፤ ሁለተኛም አልመክርዎትም።"

"ይሄን እንኳ ወደድኩት!"

መኪናው ቀዝቀዝ ሲልላቸው ቀስ ብለው ጋራዥ ደረሱ። ሥራው እስኪያልቅ ሽማግሌው የቀረበላቸው ወንበር ላይ አልተቀመጡም። አንገታቸውን አስግገው ኮምፒውተሩን ያያሉ፤ ወደ በሩ ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። ሲያልቅ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው ያንኑ ዳገት ተያያዙት። ካምቢዮው መጀመሪያ ማርሹን ጨበጥ አድርጎ ሲነክስ "ወይኔ መስታወቴ!" ብለው ጮኹ። ሁለተኛው ላይ ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ መኪናው አራተኛን ይዞ ሳይዋልል ወጣ። የሙቀቱ መርፌ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። አናቱ ላይ ወርደው መስታወቱን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካክተው አዩ። አንድም የተሰነጠቀ የለም።

"እና ስንት ጊዜ ይቆያል?"

"ዘይቱን በጊዜው ከቀየሩና ከአቅሙ በላይ ካልጫኑት፣ እርስዎ እስኪሰለቹ ይቆያል።"

ቤታቸው እንደገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ለሚስታቸው ይተርኩ ጀመር። የላላ እንደሚቃጠል፣ የጨበጠ እንደሚኖር፣ ዘይት ሳይጠቁር መቀየር እንዳለበት፣ የተማረ ሰው መስማት እንደማይጎዳ፤ ሁሉንም የራሳቸው ግኝት አስመስለው ተናገሩ። ሚስትየው አንገቷን ደፍታ ሰማች።

"ምነው ዝም አልሽ? ደስ አላለሽም?"

"መኪናው ይበላሽ ብዬ ስመኝ ነበር" አለች። "ቤት ትቀመጥልኝ እንደሆን ብዬ። እኔም ብቻዬን ማምሸት ሰለቸኝ።"

ቀኑን ሙሉ እሺ ያላላቸው የሽማግሌው እግር ያን ጊዜ ቆመ። አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ካምቢዮው ሲጨነቁ የሷን በብቸኝነት ማለቅ አንድም ቀን አልጠየቁም ነበር፤ ድምፅ አላሰማችማ።

"ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አሉ። "ጋቢናው ሰፊ ነው።"

"ያ የምትለው ነገር ሲነክስ ያስደነግጠኝ የለ?"

"ያስደነግጥሻል። ትለምጂዋለሽ።"