ከግንቡ የሚወጣው ፀጉር

ቦጋለች ወደ ቀፊራ ገበያ የሄደችው ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ሰፈርተኛ ገበያ በማይወጣበት ሰዓት ነው። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ከቅመም ሻጭዋ ከኹርሲ ፊት ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ «ድኝ አለሽ?» አለች።

ከጎኗ የቆመች ልጅ በዚያው ቅጽበት «ለእኔም ድኝ» አለች።

ተያዩ። ልጅቷ ፊርዶስ ነበረች፤ ለገሃሬ ሰፈር ከቦጋለች ጋር የጓሮ ግንብ የምትጋራው የሃዎ ልጅ። የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት ለዕረፍት መጥታለች።

«አቦ!» አለች ኹርሲ እየሳቀች፤ «ዛሬ ጂኒው ሁሉ ለገሃሬ ነው እንዴ የወረደው?»

ቦጋለች አልሳቀችም። ድኝ የሚጨሰው መተት ለማባረር ነው። የምትፈራው ሃዎን ሆኖ ሳለ፣ የሃዎ ቤት ድኝ ምን ያደርግለታል?

ነገሩ የጀመረው በማበጠሪያዋ ነው። ዕድሜዋን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ስትፈትል የኖረች ሴት ናትና የሳሳ ነገር በጣቷ ታውቃለች። በአናቷ መሃል ያለው ስንጥቅ ከቀን ወደ ቀን ሰፋ። የረገፈ ፀጉር አይጣልም፣ ክፉ ሰው ካገኘው ይሠራበታል ብለው ያሳደጓት በመሆኑ፣ ያበጠረችውን ጠቅልላ በብሎኬቱ ግንብ ቀዳዳ ትወትፋለች። ማለዳ የወተፈችው ከሰዓት የለም። ግንቡ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይጭራል፤ በጥፍሩ መውጫ እንደሚፈልግ ሰው። አንድ ቀን ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ደቅና ብታይ፣ ከውስጥ ሌላ ዓይን ያያታል። ትንሽ፣ ክብ፣ ጥቁር፣ ሽፋሽፍት የሌለው። ከግንቡ ማዶ ያለችው ደግሞ ሃዎ ናት፤ እሷም ሰላምታ ካቆመች ሰነባብታለች።

«እትዬ ቦጌ፣ በአንድ ባጃጅ እንሂድ» አለች ፊርዶስ። እምቢ ማለት ነውር ሆነባት።

«ድኙ ለምናችሁ ነው?» አለች ቦጋለች መንገድ ላይ።

«ለእማዬ። ከግንቡ ፀጉር ይወጣል ትላለች።»

ቦጋለች ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «እንዴት ይወጣል?»

«ከግንቡ ሥር ሽበት የተቀላቀለበት ጥቅል ታገኛለች። አንቺ የላክሽባት መስሏት ታቃጥለዋለች። አትቀየሚኝ፤ ከኋላሽ ከሚወራ ፊት ለፊት ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ታቃጥለዋለች? ለዚህ ነዋ የምነደው! ከደረቴ እሳት ይነሳና አናቴን ይወጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል!»

ፊርዶስ ዞር ብላ በጥሞና አየቻት። «የወር አበባሽ ከቆመ ቆየ?»

«ኧረ ቀስ በይ አንቺ ልጅ! ሹፌሩ ይሰማል!»

«እኔ አልሰማሁም» አለ ሹፌሩ።

ፍርሃት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ የጠረጠረውን ያምናል እንጂ ያየውን አይመረምርም። ፊርዶስ የተማረችው ግን ከመፍረድ በፊት ማየትን ነበር።

«ዛሬ ፀጉርሽን ከቀይ ክር ጋር ጠቅልለሽ ወትፊው» አለች። «ከዚያ እኛ ግቢ ሆነን እንጠብቅ። የእማዬ እጅ ከሆነ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።»

«እናትሽ ሆና ብትገኝስ?»

«እናቴም ብትሆን።»

ቦጋለች ክሩን ወትፋ ወደ ሃዎ ግቢ ገባች። ሃዎ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ፊቷን ከእሷ አዙራ ተቀመጠች። ሦስቱም ግንቡ ላይ አፈጠጡ። ቅጠል አይነቃነቅም። ከዚያ ግንቡ መጫር ጀመረ።

«ቢስሚላህ!» አለች ሃዎ፤ ሳይታወቃት የቦጋለችን ክንድ ጨበጠች። ከተሸረፈው ብሎኬት ቀይ ክር ብቅ አለ፤ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ እንደገና ብቅ አለ። ቀጥሎ ዓይኑ መጣ። ያው ዓይን። ከዓይኑ ጋር ግን ምንቃር ነበረ።

ድንቢጥ ነበረች።

ፊርዶስ በርጩማ ላይ ቆማ በስልኳ አበራች፤ ቦጋለችንም ደግፋ አወጣቻት። በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከፀጉር የተሠራ ጎጆ አለ፤ ጥቁርና ሽበት፣ ተጎንጉኖ። መሃሉ ላይ ላባ ያላበቀሉ ጫጩቶች ያለ ድምፅ አፋቸውን ይከፍታሉ። ቦጋለች የገዛ አናቷን ከሌላ አካል ላይ በቅሎ ያየች ያህል ተሰቀቀች።

«ከጎጆው የተረፈው ወደ እናንተ ይወድቃል ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ግን ወፏ ከራሴ አልነቀለችውም። የሚያረግፈው ማን ነው?»

«ሆርሞን ይመስለኛል። በደም እየዞረ አካላችንን የሚያዝ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ አንዳንዱ ይቀንሳል፤ ፀጉር ይሳሳል፣ ያ የምትይው እሳትም ይነሳል። ግን በግምት አልፈርድም። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲታወክም፣ ደም ሲያንስም ይረግፋል። ሐኪም ይይሽ፤ ደምሽም ይመርመር።»

«ፀጉሬ አልበቃ ብሎ ደሜን?»

«ደምሽን የሚያየው ሰው ውጤቱን ለራስሽ ይነግርሻል። ድኝ ምን ነግሮሽ ያውቃል?»

«የእናቴ ሹሩባ እስክትሞት ወገቧ ላይ ነበር።»

«የእናትሽ ሰውነት የእናትሽ ነው፤ ያንቺ ያንቺ።»

«ይመለስልኛል?»

«ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽሽም። ቶሎ ከታከምሽ ግን ያለው ይተርፋል።»

ይህን ጊዜ ሃዎ ብድግ አለች። የግቢውን በር ዘግታ ሻርፗን ፈታች። በአናቷ መሃል ያው ሰፊ ስንጥቅ ነበረ።

«አባዮ» አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። «እኔም ደብቄ ነው።»

ቦጋለች ጠጋ ብላ ስንጥቁን አየች። ከዚያ «ያንቺንስ የትኛዋ ወፍ ወሰደችው?» አለች። ሳቃቸው ድንቢጧን አበረራት።

ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ክሊኒክ ሄዱ። የቦጋለች ከዕድሜ ጋር የመጣ የሆርሞን ለውጥ ሆኖ ተገኘ፤ አናቷ ላይ የምትቀባው መድኃኒት ታዘዘላት፤ ፀጉሯን አጥብቃ መሠራቷንም ተወች። የሃዎ ግን ሌላ ነበር፤ የታይሮይድ ዕጢዋ ተዳክሞ፣ ድካሟንና የፊቷን እብጠት እርጅና ነው ብላ ተሸክማው ኖራለች። ድኙን አጭሰው ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ በሽታው ከውስጥ ሥራውን ይቀጥል ነበር። መመርመር ለአንዷ ጤናዋን፣ ለሌላዋ የቀረውን ፀጉሯን፣ ለሁለቱም ጎረቤታቸውን መለሰላቸው።

ጫጩቶቹ በርረው ሄዱ። መጫሩ ግን አንድ ማለዳ እንደገና ተሰማ። ቦጋለች ማበጠሪያዋን እንደያዘች ተጠጋችና ዓይኗን ባዶው ቀዳዳ ላይ ደቀነች። ከማዶ ዓይን ያያታል። ትልቅ ነው፤ ሽፋሽፍት አለው፤ ይርገበገባል።

«አባዮ» አለ ግንቡ፤ «መድኃኒትሽን ተቀባሽ?»