በቃል የማይያዝ ፈተና

በመጋቢት አጋማሽ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም፤ ሾፌሮቹም መጠየቁ ሰልችቷቸው ከመኪናቸው ጥላ ሥር ተኝተዋል። መንገደኛው በጋሸና ምግብ ቤቶች ተበተነ። ወደ አክስቴ ወደ ጥሩነሽ ቤት የገቡት ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌና አንዲት ቀጭን ልጃገረድ ነበሩ። እኔ በዚያን ጊዜ አክስቴን በመስተንግዶ እረዳት ነበር። በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ፣ ሥራ ከመጠበቅ ሌላ ያለኝ ሥራ ይኸው ነበር።

ሽማግሌው መሪጌታ አረጋ ይባላሉ። በገነተ ማርያም ንባብና ቅኔ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ልጅቱ የመጨረሻ ልጃቸው ፋና ናት። ወልድያ ሄደው ለፈተና አስመዝግበዋት ሲመለሱ ነው መንገዱ የተዘጋባቸው። ጾም ስለሆነ መሪጌታ እህል የሚቀምሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ፋናም ከአባቴ በፊት አልበላም ብላ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ መጽሐፍ አለ፤ ግን ዝግ ነው። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ዳዊት የምትደግም መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛውን ልወለውል ስጠጋ የሰማሁት ግን እንግሊዝኛ ነው። ከሃያ ሜትር ከፍታ ላይ ስለተለቀቀ ድንጋይ የሚጠይቅ የፊዚክስ ጥያቄ ነበር። ጥያቄውን፣ ቀመሩን፣ ስሌቱን፣ ሁለት ሰከንድ የሚለውን መልስ፣ ከመልሱ በታች ያለውን የገጽ ቁጥር ሳይቀር፣ አንዳች ሳትስት በቃሏ አነበነበችው።

ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ የምጀምር ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ለፈተና ነው?» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። «አዎ። ሐምሌ ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አለብኝ። ሲቪል ምሕንድስና ነው መግባት የምፈልገው።»

«እስኪ ድንጋዩ የተለቀቀው ከአርባ አምስት ሜትር ላይ ቢሆን፣ መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?»

ፋና ቆየች። ከንፈሯ ከመጀመሪያው ጀመረና ሃያ ሜትር የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ጀመረች። እንደገና ቆመች።

«አርባ አምስት የሚል መጽሐፉ ላይ የለም» አለችኝ።

«ልጄ፣ አታደናግሪያት» አሉ መሪጌታ ከተቀመጡበት። «ከመስከረም ጀምረን በሥርዓት ነው የያዝነው። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ፊደሉን ግን እሷው አስቆጥራኛለች። መጽሐፉን ይዤ በጣቴ እየተከተልኩ ማታ ማታ አደምጣታለሁ። አንዲት ቃል ከሳተች ገጹ እንደገና ነው። አንዱ ገጽ ጥርት ሳይል ሌላ አይገለጥም።»

«አሁን የት ደረሳችሁ የኔታ?»

«የዘጠነኛን ክፍል ፈጽመናል። ከዐሥረኛው እኩሌታ ላይ ነን» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ።

ፈተናው የሚወጣው እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ካለው ትምህርት ነው። የቀረው አራት ወር ነው። ፋናን አየኋት፤ እሷም ይህንኑ ብዙ ጊዜ እንዳሰላችው ከፊቷ ያስታውቃል።

«የኔታ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ በዚህ ዓይነት አትደርስም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«ምን አለች?» አሉ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው።

«አትደርስም አለች» አለች ፋና።

መሪጌታ አልተቆጡም። ለጀማሪ ተማሪ እንደሚያስረዱ ሁሉ ረጋ ብለው ጀመሩ። «ግእዙን እንዴት የተማርነው ይመስልሻል? ሕፃኑ ትርጉሙን ሳያውቅ ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል። ቃሉ ከገባ ምስጢሩ ኋላ ይገለጣል። እኔ ምስጢሩ የተገለጠልኝ ጢሜ ከወጣ በኋላ ነው።»

«የኔታ፣ እሷ ጢም እስክታወጣ ማን ይጠብቃታል?» አለች አክስቴ ከማድቤት።

«አንቺ ሽሮሽን አማስዪ።»

«ሽሮውስ አንቱን ሲጠብቅ አረረ!»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። እኔም ድፍረት አገኘሁ። «ለዳዊቱስ ልክ ነዎት» አልኩ። «ዳዊት ነገም ያው ዳዊት ነው። ፈታኞቹ ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን ድንጋይ አያመጡም። ከፍታውን ይለውጡታል፤ ወይ ወደ ላይ ይወረውሩታል።»

«ለምን? ተንኮል ነው?»

«ተንኮል አይደለም። ተከዜ ላይ ድልድይ የሠራ መሐንዲስ ያንኑ ስሌት ይዞ ሌላ ወንዝ ቢሄድ ድልድዩ ይወድቃል። የሚፈልጉት አዲሱን ወንዝ ለክቶ የሚያሰላ ሰው ነው።»

«አንቺ ይኸ ምስጢር የገባሽ ነሽ፤ አይደል?»

«ተምሬዋለሁ፤ አዎ።»

«ታዲያ ምነው ሰሐን ታነሺያለሽ?»

የአክስቴ ማማሰያ ቆመ። ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ከራሴ ጋርም በየጠዋቱ አወራዋለሁ።

«ሥራ የለም የኔታ» አልኩ። «ፋና ብታልፍ፣ ብትመረቅም፣ ሥራ ታገኛለች ብዬ ቃል ልገባላት አልችልም። እኔ የማውቀው እንዲህ አጥንታ እንደማታልፍ ነው።»

መሪጌታ ፊታቸው ተለወጠ። «ላስቀይምሽ ብዬ አይደለም ልጄ። የፋና ታላቅ ዓይናዲስ ዐረብ አገር ናት። ፈተና ወድቃ ነው የሄደች። መጀመሪያ ላይ አሠሪዋ እንዳትሰማት እያንሾካሾከች ትደውልልን ነበር። አሁን እሱም ቀርቷል። ይችም ዘንድሮ ካላለፍኩ እሄዳለሁ ብላለች፤ ደላላ አነጋግሯታል። እኔ ሌላ ምን አለኝ? የማውቀው ማስተማር ነው። የተማርኩበትን መንገድ ሰጠኋት።»

እንዲህ ካለ አባት ጋር መከራከር ይከብዳል። ልጁን በስንፍና ቢበድል ኖሮ ነገሩ በቀለለ። መሪጌታ አረጋ ግን የማያውቁትን ፊደል በእርጅናቸው ተምረው፣ ከእርሻና ከማኅሌት የተረፈውን ጉልበታቸውን ሁሉ ሰጥተው ነው ልጃቸውን ወደ ገደል የመሯት። ዝም ልል ፈለግሁ። ዝም ብል ግን የምትሄደው ፋና ናት።

«ቅኔም ያስተምራሉ አሉ የኔታ» አልኳቸው። «ተማሪዎ ትናንት እርስዎ የተቀኙትን አንዲት ቃል ሳይስት በቃሉ ቢደግምልዎ፣ ተቀኘ ይሉታል?»

«እንዴት ተደርጎ! ያ የእኔ እንጂ የሱ ነው? ቅኔ ቤት የየዕለቱን አዲስ አምጣ ነው የሚባል። ተማሪው ከዛፍ ሥር ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ራሱ ቆጥሮ፣ ቃልን ከቃል አሰናኝቶ ነው የሚያመጣው።»

«ቢበላሽበትስ?»

«ይበላሻል እንጂ! የመጀመሪያው ሁሉ ይበላሻል። ከየት ላይ እንደተበላሸ እነግረዋለሁ፤ ሄዶ ሌላ ይቆጥራል።»

«የግእዙን ግስ ሁሉ ይዞ ከጨረሰ በኋላ ነው መቀኘት የሚጀምረው?»

«የለም! እሱን ሲጠብቅ ይሸብታል። ጥቂት ይዞ ከአጭሩ ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቀረውን ግስ እየተቀኘ ጎን ለጎን ይይዛል።»

«የመግቢያ ፈተናው ቅኔ ቤት ነው የኔታ። ፋናን ያስቀመጧት ንባብ ቤት ነው።»

ደጅ አንድ ሾፌር ሌላውን እየሳቀ ይሰድባል። መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ፋና፣ ይኸን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር አባ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ፋና መጽሐፉን በእጇ አሻሸች። «ማታ ማታ ሲያደምጡኝ ደስ ይልዎት ነበር። ዓይናዲስ ከሄደች ወዲህ ሌላ የሚያስደስትዎ አላየሁም።»

አክስቴ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። መሪጌታ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ተማሪ ጠየቁኝ። «እንግዲያ አራት ወር ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ አንድ የድሮ ፈተና፣ መጽሐፍ ሳትገልጥ፣ ትሥራ። የምትችለውና የማትችለው ይለይ። ከዚያ የምንተወው ይኖራል።»

«መተው? እኩሉ ተይዞ እኩሉ የሚጣል ትምህርት አለ?»

«አለ፤ ጊዜው ስለማይበቃ። ከተውነውም ጥያቄ ይመጣል፤ ያ ይቀርባታል። ሁሉን ልያዝ ካለች ግን ሁሉም ይቀርባታል። አንድ ቀን ሒሳብ፣ አንድ ቀን ፊዚክስ ትያዝ። በየቀኑ መልሱን ያላየችውን ጥያቄ ትሥራ። የሳተችውን ጥያቄ ለምን እንደሳተችው ትፈልግና ከጥቂት ቀን በኋላ ያለ መጽሐፍ ትድገመው። ቅዳሜ ሰዓት ተይዞባት ትፈተን።»

«ሰንበትስ?»

«ሰንበት ትረፍ። በጣም ደክማለች፤ አያዩዋትም?»

አዩዋት። «እኔስ?» አሉ። «እኔ ምን ላድርግ?»

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። «እርስዎ አያድምጧት።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሽሮው ቀረበ፤ እሳቸውም ጸሎታቸውን አድርሰው ቆረሱ። ፋና በአንድ እጇ እየበላች በሌላው የአርባ አምስት ሜትሩን ጥያቄ ወረቀት ላይ ትጭር ነበር። ቀና ብላ «አራት ሰከንድ ተኩል» አለች።

«ልክ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«አይደለም። ሦስት ነው። ከፍታው ሲጨምር ጊዜው በዚያው ልክ የሚጨምር መስሏት ነው። ድንጋዩ ግን እየወረደ ሲሄድ ይፈጥናል።»

ፋና ቀላች። መሪጌታ ጉርሻቸውን ውጠው «የመጀመሪያው ነው፤ ይበላሻል» አሏት። «ሌላ ቁጠሪ።»

መንገዱ ወደ ማታ ሲከፈት የስልክ ቁጥሬን ወስደው ሄዱ።

ይህን የምጽፈው ልጆቻቸውን ለእንዲህ ያለ ፈተና ለሚያዘጋጁ ወላጆች ነው። ትጋት አይጎድላችሁም። መጽሐፉ ከመገለጡ በፊት ፈተናው የሚጠይቀውን ማየት ግን ይቀድማል። በመስከረም አንድ የድሮ ፈተና ከፋና ፊት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ወር ባልባከነ ነበር። ራሱ እየሠራ የሚያጠና ተማሪ የት እንደሚደክም ያውቃል፤ የቀረውን ጊዜ ለድካሙ ይሰጣል፤ ቁጥር ቢለወጥበት አይደነግጥም። ቢወድቅ እንኳ ለምን እንደወደቀ ያውቃል፣ የገባውም አብሮት ይቀራል። ሥራ ያገኛል ግን አላልኩም፤ እኔም እስካሁን አላገኘሁም።

በግንቦት መጨረሻ፣ ኔትወርክ በተመለሰበት ቀን፣ መሪጌታ ደወሉልኝ።

«ቅዳሜ ዐሥር ጥያቄ ሠርታ ሦስቱን አገኘች» አሉ። «ያሳልፋል?»

«አያሳልፍም የኔታ። ምሕንድስና ለመግባት ሰባት ስምንት ማግኘት አለባት።»

«ቀኑ ይበቃል?»

«አይመስለኝም።»

«ደላላው መጥቶ ነበር» አሉ። «ፈተናው ይለፍ ብላ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጠየቅኋትም። አሁን ያቃታት አንድ ጥያቄ አለ፤ ስልኩን ልስጣት። እኔ ደጅ ልውጣ። ፊቷ ካለሁ በቃሏ ትጀምራለች።»

በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ፋና ጥያቄውን ታነብልኝ ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ በየመሃሉ እየቆመች።