እስከ ሐሙስ አቆይልኝ

በኛ ጊዜማ ዜና እንዲህ ኪስ ውስጥ ሆኖ አይንጫጫም ነበር፣ ሕይወትዬ፤ ዜና ሄደሽ ነው የምታገኚው። እኔ ደግሞ አልጋ ሳነጥፍ ነበር የማገኘው። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው! ዳውንታውን ኦክላንድ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ስሠራ በቀን አሥራ አራት ክፍል ይሰጡናል፣ እና እያንዳንዱ ክፍል እንደገባሁ መጀመሪያ የማደርገው ምን መሰለሽ? ቲቪውን መክፈት። አንሶላ እየገፈፍኩ ወሬውን እጀምራለሁ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስፈገፍግ መሀሉ ያመልጠኛል፣ ታዲያ መጨረሻውን በሚቀጥለው ክፍል እደርስበታለሁ። እንግሊዝኛዬም እዚያው ነው የተፈታው። የዓለምን ነገር ሁሉ ቆራርጬ ነው የሰማሁት።

ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ይኼ ኤይት ኤይቲ የሚሉት አውራ ጎዳና እንደሆነ እሑድም ያው ጭንቅንቅ ነው፤ ሳን ሆዜ እስክንደርስ አጫውትሻለሁ። ስልክሽም እየቀዳ ነው አይደል? ይቅዳ። ይኼን ነገር ደግሜ የምናገረው አይመስለኝም።

እና ያ ወር ግንቦት ነበር፣ ግንቦት ሰማንያ ሦስት፣ በነሱ ሜይ ናይንቲ ዋን መሆኑ ነው። እኔ እንዲያ ያለ ወር አይቼ አላውቅም። ሲገባ ባንግላዴሽን ማዕበል በልቷታል፤ ቲቪው ውሃ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ውሃ፣ ውሃ፣ በውሃው ላይ ደግሞ ሰው። ዩጎዝላቪያ የሚባለው አገር ሊበጣጠስ ነው ይላሉ። እኔ ትራስ እያራገፍኩ ‘ውይ፣ ውይ’ እላለሁ፣ ክፍሉን ጨርሼ እወጣለሁ፣ በቃ። የሰው አገር ነዋ! የኔ አገር እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

የኔን ሁኔታ ልንገርሽ። ያኔ ወረቀት የለኝም። ዘመድ ልጠይቅ ብዬ መጥቼ ቀርቻለሁ፣ ጥገኝነት፣ አሳይለም የሚሉትን፣ ጠይቄ ሁለት ዓመት ጠብቄ በመከራ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ደርሶኛል። ሳንፍራንሲስኮ፣ የወሩ መጨረሻ ሐሙስ። ኬዜ ምንድን ነው? ደርግ ነዋ! የቢሮ ጓደኞችሽን አሳልፈሽ ስጪ ብለውኝ እምቢ ብዬ ቀበሌ ሦስት ወር አስረውኛል። ‘ብመለስ ይገድሉኛል’ ነው የማመልከቻዬ ፍሬ ነገር፣ ሌላ የለኝም። አባትሽ ደግሞ፣ ወንድሜ ግርማዬ፣ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከሰፈር አፍሰው ብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሰሜን ግንባር ነው ያለው። ደብዳቤው ከመጣ ሰባት ወሩ። እናታችን ስልክ ላይ ስታለቅስ ‘ደህና ነው እማዬ፣ ደህና ነው’ እላታለሁ፣ እኔ ምን አውቄ!

ታዲያ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስተኛ ክፍሌ ላይ ነኝ፣ የትራስ ልብስ በአገጬ ይዤ ትራሱን እያስገባሁ፣ ቲቪው ‘ኢትዮጵያ’ አለ። ዞር ብል የሱን ፎቶ ደቅነውታል፣ የሊቀመንበሩን። አገር ጥሎ ሸሸ። አሥራ ሰባት ዓመት ያንቀጠቀጠን ሰው በአውሮፕላን ውልቅ! ትራሱን ጣልኩት። እልል ልል አፌን ከፈትኩ፣ ደግሞ ለብቻዬ ነኝ፣ በሩ ክፍት ነው፣ እና አፌን እንደከፈትኩ ምን ትዝ አለኝ? ሐሙስ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ!

ገባሽ? ገዳዬ ሸሸብኝ! ደርግ ከሌለ ማን ይገድለኛል ልበል? ‘እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቲኬትሽን ቁረጪ’ ቢሉኝስ? እልልታውን ተውኩት። ያላነጠፍኩት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ሱፐርቫይዘሬ ገባ። ህንድ ነው፣ ጥብቅ ያለ ሰው ነው፣ አንሶላ ላይ አንዲት ጭምድድ ካየ ሁሉን ገፍፎ ድገሚው የሚል። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ብድግ ስል ሰውዬው አጠገቤ ቁጭ አለና ማልቀስ ጀመረ! ለካ የዚያኑ ዕለት የነሱንም የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ምርጫ ሲቀሰቅሱ በቦምብ ገድለዋቸዋል። ‘ገደሉት፣ ገደሉት’ ይላል፣ ቲቪውን በእጁ እያሳየኝ። እኔም ፎጣ አቀበልኩት። ፊቱን ጠረገና ‘ያንቺንስ ምን አደረጉት?’ አለኝ። ‘የኔስ ሸሸ’ አልኩት። ‘ታድለሽ’ አለኝ። ታድለሽ! ‘አዎ’ ብዬ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ፤ ምን ብዬ ላስረዳው?

እና የዚያን ዕለት ነው የጸለይኩት። ሌላ ቦታ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ መታጠቢያ ቤቱን እያጠብኩ፣ በጉልበቴ እንደተንበረከክኩ። ‘ጌታዬ፣’ አልኩ፣ ‘አሥራ ሰባት ዓመት የታገስከውን ዘጠኝ ቀን ብትጨምርለት ምን አለበት? እስከ ሐሙስ አቆይልኝ። ዓርብ ይውደቅ።’ ሰውዬው ይሂድ፣ ደርግ ግን እንደምንም እስከ ሐሙስ ይቁም፣ ነው ነገሩ። በየክፍሉ ይኼንኑ፣ በየክፍሉ ይኼንኑ። ወንድሜ ግንባር ላይ እንዳለ አልረሳሁም፣ ረስቼው ነበር ብልሽ ውሸት ነው። የሱንም ስም እየጠራሁ ነበር፤ ‘ግርማን ጠብቅልኝ’ እላለሁ፣ ቀጥዬ ‘ጦርነቱን እስከ ሐሙስ’ እላለሁ። ሁለቱ እንደማይገጥሙ የዚያን ጊዜ አልታየኝም። ወይም ታይቶኝ ነበር፣ እንጃ።

«እትዬ፣ ያኔ ለሌላ ሰው ነግረው ነበር?»

ለንስሐ አባቴ ነዋ! እሑድ ዕለት፣ ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን የኪራይ አዳራሽ ነው፣ ገብቼ ልቤ አላርፍ ሲለኝ አባን ጥግ ይዤ ‘አባ፣ ደርግ እስከ ሐሙስ እንዲቆይ ስጸልይ ሰነበትኩ፣ ኃጢአት ነው?’ አልኳቸው። ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያ ዙሪያቸውን አየት አደረጉና ‘ልጄ፣’ አሉኝ፣ ‘የኔ ቀጠሮ እኮ ሰኔ ላይ ነው።’

ሳቂ፣ ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። ለካስ ሁላችንም ነን! ግቢው ውስጥ ሰው ይተቃቀፋል፣ ‘እንኳን ደስ አለን’ ይባባላል፣ ቤተ እስራኤሎቹ በአውሮፕላን ተጭነው ሄዱ፣ አዲስ አበባ ተከበበች እየተባለ ይወራል፣ እና ሁለት ሁለት ሆኖ ወደ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ‘ቆይ፣ ያንተ ኬዝ እንዴት ሊሆን ነው?’ ይባባላል። እኛ ስናለቅስም ሆነ ስንደሰት አንድ ዓይናችን ኢሚግሬሽን ላይ ነበር። ማንም አይፈርድብን፣ ቢፈርድም ግን እውነት አለው።

ታዲያ ጸሎቴ አልተሰማም። ማክሰኞ ከተማው ተያዘ፣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ። ሐሙስ ገባሁ። የኢሚግሬሽኗ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ‘ዜናውን ተከታትዬዋለሁ’ አለችኝ፣ ትሁት ናት፣ ክፋት የላትም። ‘እንግዲህ መንግሥታችሁ ወድቋል። አሁን ማንን ነው የምትፈሪው?’ ጠበቃዬ አስጠንቶኛል፤ ‘አዲሶቹም ያው ናቸው በያት’ ብሎኛል። አፌ እምቢ አለኝ። ከትናንት ወዲያ ስለገቡ፣ ስለማላውቃቸው ሰዎች ምን ልበል? ‘ወንድሜ’ አልኩ። ‘ወንድሜ የተሸነፉት ወታደር ነው። ይኑር ይሙት አላውቅም። የተሸነፈ ወታደር ምን እንደሚደረግ፣ ቤተሰቡ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ማንን እንደምፈራ እንኳ አላውቅም’ አልኳትና ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ሴትዮዋ ጻፈች። ብዙ ጻፈች።

በጥቅምት ደብዳቤ መጣ፣ አፕሩቭድ፣ ተፈቅዶልሻል የሚል። ይኼን ቤት፣ ይኼን ኑሮ፣ አንቺም ዲቪ ሲደርስሽ እኔ ጋ ማረፍሽን፣ ሁሉን ያገኘሁት በአባትሽ ስም ነው። መጀመሪያ ሥቃዩ እንዲረዝም ለመንኩ፣ ቀጥዬ ሥቃዩን ለማስረጃ አቀረብኩ። እንዲህ ነው ያደረግኩት።

እሱማ ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት፣ ሐምሌ ላይ ቤት ገብቷል። ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ፣ ትግራይን አቋርጦ፣ ወሎን አቋርጦ፣ እየለመነ። እማዬ ሰውነቱን አይታ አላወቀችውም፣ በድምፁ ነው ያወቀችው። ደወልኩ። ‘እትዬ’ ሲለኝ ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ቁጭ አልኩ። ሳቅን፣ አለቀስን። ታዲያ መሀል ላይ ምን አለኝ መሰለሽ፦ ‘እትዬ፣ ካሣሁን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ አንድ ብርድ ልብስ ነበር የምንለብሰው። ሰውዬው ማክሰኞ ሸሸ፣ ካሣሁን ሮብ ሞተ። ለማን እንደምንዋጋ እንኳ ሳናውቅ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ቀድሞ ቢያልቅ ኖሮ!’

የኔ ጸሎት ነው ያቆየው አልልም፣ እግዜር በሆቴል መታጠቢያ ቤት ምክር ጦርነት አያስቆምም፣ አያስቀጥልምም፣ ያን ያህል አልታበይም። ግን ለምኜዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት፣ ያቺን ቀን ጨምርልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ልንገረው አልኩ፣ አፌ ድረስ መጣ። እና ከአፌ የወጣው ምን መሰለሽ? ‘ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?’ አልኩት። ‘አርባ አራት’ አለኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ግንቦት በመጣ ቁጥር ሰው ፈልጌ አርባ አራት ቁጥር እልክለታለሁ። ቡኒውን፣ ጥቁሩን፣ ስኒከሩን። ሠላሳ ምናምን ጫማ። ‘አመሰግናለሁ እትዬ’ ይለኛል፣ ‘በደህና አድርገው’ እለዋለሁ። ይኼው ነው።

«እትዬ…»

ወዬ። ተቀየምሽኝ?

«ኧረ አልተቀየምኩም። አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቆጡ ግን።»

ንገሪኝ።

«የአባዬ እግር እኮ አርባ አንድ ነው።»

ምን ማለት ነው አርባ አንድ? እሱ ራሱ ነው አርባ አራት ያለኝ፣ በጆሮዬ!

«ያኔ እግሩ አብጦ ነበራ፣ እትዬ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ። እብጠቱ ሲወርድ አርባ አንድ ሆነ። ጫማዎቹን ጥጥ ጠቅጥቆ፣ ሁለት ካልሲ ደርቦ ነው የሚያደርጋቸው። ‘ለምን አትነግራትም?’ ስለው ‘ተይ፣ ቁጥሩን ይዤለታለሁ ብላ ደስ ይላታል፣ አይከፋት’ ይለኛል። ሠርግ ወይ ትልቅ በዓል ሲሆንማ ጥጡን እኔ ነበርኩ የምጠቀጥቅለት።»

ወይ ግርማዬ! ወይ የኔ ወንድም! ሠላሳ ምናምን ዓመት በጥጥ ሲራመድ! እኔ ያንን እንዳልነግረው ጫማ ስልክለት፣ እሱ ይኼን እንዳይነግረኝ ጫማዬን ሲጎትት… ቆይ፣ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ፣ ሶፍት አቀብዪኝ። እኛ ሰዎች ለመዋደድ እንጂ ለመነጋገር አልተፈጠርንም መሰለኝ። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? አርባ አንድ ልግዛለት?

«ይግዙለት። መጀመሪያ ግን ይንገሩት።»