አሜን የማይል ፕሮግራም

ልጄ ለመመረቂያዋ የሠራችው ፕሮግራም በማግስቱ መምህራኑ ፊት ሊታይ ነው፤ እሱ ግን ትንሽ ይሠራና ቀጥ ይላል። ኮምፒውተሮች የሚላላኩትን መልእክት እየተቀበለ የሚያሳልፍ ነው። «ምን ነካው?» ብላት፣ «አባዬ፣ መልእክቱን ካሳለፈ በኋላ የያዘለትን ቦታ አይለቅም፤ ሜሞሪው ይሞላና ይቆማል» አለችኝ።

እኔ የማውቀው ጸሎት ነው። ለእራት የተቀቀለው ጎደሬ ሲቀርብ፣ «ጌታ ሆይ፣ የያዘውን ይልቀቅ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ለመምህራኑ፣ ለመብራቱ፣ ሸኮ ላሉት ዘመዶቻችን፣ ለቡናው ዝናብ ቀጠልኩ። ልጄ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «አባዬ፣ አንተም አልለቅ አልክ እኮ! ጎደሬው በረደ፤ አሜን በል» አለች። ሳቄ አመለጠኝ። በልታ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

በማግስቱ ከመምህራኑ ፊት እንደ ወጣች ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «አባዬ፣ ፕሮግራሙ አሜን አለ! የያዘውን እየለቀቀ እስከ መጨረሻው ሠራ!» ስልኩን እንደ ያዝኩ ለምስጋና ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ጌታ ሆይ...» ስል፣ «በአጭሩ!» አለችኝ።