እማማ ሐረጓ የሸሹት መርፌ

እማማ ሐረጓ መርፌ ሊወጉ ቀጠሮ ይዘው ሳለ፣ በእስራኤል፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ወደ ቤት የሚመልሳቸውን ሲጠብቁ የጎረቤታቸው ልጅ ኦድያ አገኘቻቸው። ኦድያ ዩኒቨርሲታ ባዮሎጊያ የምትማር ሰው አክባሪ ልጅ ናት።

«እማማ፣ ዛሬ ኩፓት ሖሊም፣ ክሊኒኩ ቀጠሮ የለዎትም እንዴ?»

«ቀረሁ ልጄ። ዶክተሩ የደምሽ በሽታ ጂን ላይ ነው አለኝ። ጂን ላይ ያለ ነገር ከዘር ወዴት ይሄዳል? የልጅ ልጄ ኖዓ ልትታጭ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ እኔ ዘንድ ቢሰናከሉስ? እኔ ልሙት፣ እሷ ትዳር።»

«እንዲህ ሲሸሹ ያየዎት ማን ታመዋል ይላል?»

ሳይወዱ ሳቁ። መቼም እኛ እናቶች ለልጅ ብለን የደበቅነው ሁሉ ጽድቅ ይመስለናል።

«ዶክተሩ ከዘር የመጣ ነው አለዎት?»

«የለም፣ በእርጅና የመጣ ነው አለ። እኔ ጂን ካለ ወዲያ መች ሰማሁት!»

«እንግዲህ እኔን ይስሙኝ። ከእናት ካባትዎ የወረሱት የጂን ጽሑፍ በዓይንዎም በጉበትዎም ውስጥ ያው አንድ ነው።»

«ታዲያ ዓይኔ ለምን ጉበት አልሆነም?»

«ይኸውልዎ! ኤንዛይም የሚባሉ ረቂቅ ሠራተኞች አሉ። ፊደሉን አይፍቁም፤ ሜቲል የምትባል ሚጢጢ ምልክት ይለጥፉበታል። ምልክቱ የበዛበት ጂን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ዓይን ውስጥ የዓይኑ ይነበባል፣ የማያስፈልገው ይዘጋል። ሴሉ ሲባዛም የአሮጌውን ምልክት እያዩ አዲሱ ላይ ያኖራሉ።»

እማማ ሐረጓ እጃቸውን እንደ አዲስ አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ሁሉ እኔ ተኝቼ?»

«ተኝተውም፣ አሁን ሲያወሩም።»

«የእስራኤል አምላክ! እኔ ቤቴን አንድ ቀን ካልጠረግሁ ይቆሽሻል። አንተ በማይታይ ቦታ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አቁመሃል?» ዕንባቸው መጣ።

«በአንቱ ደም ውስጥ ግን ምልክቱ ያለቦታው በዝቶ፣ ደሙን ሥርዓት የሚያሲዙት ጂኖች ተዘጉ። መርፌው ለጣፊውን ይይዘዋል፣ የተዘጋው እንዲከፈት። ሁሉን ያድናል አልልዎም፤ የብዙ ሰው ደም ግን አሻሽሏል።»

«ጽሑፉስ ለልጅ አያልፍም?»

«የወረሱት ለልጆችዎ አልፏል። ይኼ በሽታ ግን አንቱ ዘንድ በእርጅና የመጣ ነው፤ ለልጅ አይተላለፍም።»

አውቶቡሱ መጣ። አልተሳፈሩም። «ነይ፣ ሳይዘጉ አድርሽኝ» አሏት።

መርፌውን ጀመሩ። ከወራት በኋላ በየጊዜው ደም መቀበሉ ቀረላቸው፣ ደረጃውንም ሳያርፉ መውጣት ቻሉ። ጠይቆ የተረዳ ሰው ሕመሙንም ፍርሃቱንም ያቀላል።

በሽምግልናው ቀን እማማ ሐረጓ ሳይጠየቁ ሕመማቸውንና ተማሪዋ ኦድያ ያስረዳቻቸውን ተናገሩ። ኖዓን ሊያገባ የመጣው ልጅ አያት አባ ውዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«ልጅቷን ወደናታል» አሉ። «እኔም ለልጁ ስል የደበቅሁት ሕመም አለኝ። ያችን ተማሪ ጥሩልኝ።»