ሐዋ የጠባችበት ደላዳል

በእኛ ጊዜማ ወንድ ልጅ እንዲህ አራስ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቢያወራ በዱላ ይባረር ነበር። እና አንቺ ሰሚራ፣ የልጄ ልጅ፣ አትፈሪ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ፣ ምንም አላይም፣ የገባው ድምፄ ብቻ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ሰማሁ፣ ቀጥሎ አንቺም ስታለቅሺ ሰማሁ፤ ታዲያ ዝም ብዬ ልቀመጥ? «ወተቴ አይበቃውም፣ የቆርቆሮ ግዙለት» አልሽ። ይገዛል፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሱቅ ጠፍቶ ነው? ግን ከመግዛታችን በፊት ይቺን ስሚኝ፤ እህትሽም እዚህ አጠገቤ ወረቀቷን ይዛ ትጻፈው።

ባልሽ ከአዲስ አበባ ሲመለስ እህቱ የላከችልሽን ሻንጣ አመጣ አይደል? እናትሽ ሐዋ እዚሁ በር ላይ ፈታችው፣ እኔ እያየሁ። መጀመሪያ ክብ ክብ የሆነ ስስ ጨርቅ አወጣች። «ወተት ሲፈስ ቀሚስ እንዳያበላሽ ነው አባባ» አለችኝ። እሱን አውቃለሁ፤ አያትሽ ዘይነብ፣ አላህ ይማራትና፣ ያረጀ ነጠላ ቀዳ፣ አጥፋ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ታደርግ ነበር። ቀጥላ አንድ ላስቲክ ያለው ነገር አወጣች። «ይሄስ?» አልኳት። «ማለቢያ ነው።» አስተግፊሩላህ! «ልጄ ላም ናት እንዴ?» አልኩ። «አይ አባባ፣ ሥራ ስትገባ አልባ ትታለት ትሄዳለች» አለችኝ። እንዲያ ከሆነስ ደግ ነው። ዘይነብ የማሽላ ወፍ ስትጠብቅ ውላ፣ ልጅ ቤት ትታ፣ ደረቷ ርሶ ከማማ ስትወርድ ስንቴ አይቻታለሁ።

እና ታዲያ በመጨረሻ አንድ ትራስ ወጣ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ። ሐዋ አገላብጣ አየችውና ምን አለች መሰለሽ? «ይሄ እንኳ የባሏ ነው፣ ሹፌሮች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት፣ ተሳስቶ ገብቷል!» አለችና ቁም ሳጥን ላይ ወረወረችው። እኔ ሳቄ መጣ። ልነግራት ስል ሶላት ደረሰና ተነሳሁ። እሱ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ደላዳል ነው። ወላሂ፣ የአህያ ደላዳል!

አትሳቂ፣ ቁስልሽ ያምሻል። እኔ መቼም አህያ ጫኝ ነበርኩ። ከቀወት ገጠር ማሽላውንም ሽንኩርቱንም ጭኜ ሮቢት ገበያ አወርዳለሁ። ደላዳል ማለት ከጭነቱ ሥር አህያዋ ጀርባ ላይ የሚሆነው ነው፤ ጭድ ታጭቆበት፣ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ፣ ጎንና ጎኗን አቅፎ የሚቀመጠው። የእኔን ደላዳል ያደረገች አህያ ጀርባዋ አይላጥም ነበር፣ ጠይቂ።

ታዲያ ሐዋ ተወለደች። የመጀመሪያችን ናት። እና አልጠባ አለች። ዘይነብ ጭኗ ላይ ታስተኛታለች፣ ከዚያ እንደ አራሚ ጎንበስ ትላለች። ልጅቷ ጫፉን ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ትጮኻለች። ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ትጮኻለች። ጡቱ ቆሰለ፣ ወገቧ ተቆረጠ፣ ሕፃኗም ፊቷ እየመነመነ ሄደ። እናቴ ደግሞ፣ «ወተቷ ቀጭን ነው፣ ውሃ ነው፣ የፍየል ወተት በጨርቅ እናጥባት» ትላለች። እኔ የፍየል ወተት ሲባል እፈራለሁ። የወንድሜ ልጅ በዚያው ወተት ተቅማጥ ይዞት ነው ከእጃችን ያመለጠው። ግን ለእናት ምን ይባላል? ወንድ ደግሞ በዚህ ነገር አፍ የለውም።

እና አንድ ቀን ውሃ ላቀብል ገባሁና አየኋት፤ ጎብጣ፣ እንባዋ ልጅቷ ላይ እየተንጠባጠበ። ያኔ ከአፌ አመለጠኝ። «አንቺ ዘይነብ፣ ጭነት ወደ አህያ ይወጣል እንጂ አህያ ወደ ጭነት ትጎነበሳለች እንዴ?» አልኳት። «አህያ አልከኝ?» አለች። «አይደለም፣ ልጅቷ ትውጣ፣ አንቺ ቀጥ በይ ነው የምልሽ።»

ወጣሁና አዲስ አቡጀዲ ገዛሁ፣ የጤፍ ጭድ አበጥሬ አጨቅኩ፣ በጆንያ መርፌ ሰፋሁ። ትንሽዬ ደላዳል። ይዤ ስገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። «አንተ አህመድ! ሚስትህን ልትጭናት ነው?» አለች። «የልጄ ልጅ በአህያ ዕቃ አታድግም! አገር ምን ይላል?» ነጥቃ ግቢ ወረወረችው። እኔ ከእሷ ስከራከር አህያዬ መጥታ ቀደደችና ጭዱን በላችው። በላችው እኮ!

ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሌላ መስፋት ጀመርኩ። ጎረቤቱ ያልፋል፣ ይስቃል። «አህመድ፣ የአራስ ጭነት ስንት ታስከፍላለህ?» ይለኛል። ሕፃኗ ከውስጥ ትጮኻለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል፣ እንደ ጫጩት ሆኗል። እናቴም ትሰማለች። ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ትወጣለች። በመጨረሻ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ወዲህ በል» አለችኝ። ልትቀደው ነው ብዬ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እሷ ግን ራሷ ላይ ያለውን ቀይ ሻሽ ፈታች። «ይሄን አልብሰው» አለች። «የአህያ ዕቃ ራቁቱን እኔ ቤት አይገባም።»

እና አለበስነው። ራሷ ይዛ ገባች፣ ራሷ ዘይነብ ወገብ ዙሪያ አደረገችው። እኔ ከውጭ ሆኜ እጮኻለሁ፤ «ጀርባዋን ግድግዳው ያስደግፋት! ሆድ ለሆድ ይሁኑ! አትጎንበስ!» እናቴ፣ «ዝም በል አንተ፣ አህያ ነጂ!» ትላለች። ከዚያ ጸጥ አለ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ልጅቷ ስትውጥ ይሰማል። ቁ፣ ቁ፣ ቁ። ያንን ድምፅ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያማ ያ የሳቀ ሰው ሚስቱ ስትወልድ መጣ። «ያቺን ቀይ አውሱን» አለ። ደላዳል የሚል የለም! እትዬ አስካለ እንኳን፣ ከተማ ሱቅ የነበራት፣ ለልጇ ወስዳ፣ አጥባና አዲስ ጭድ ሞልታ ነው የመለሰችው። እናቴ ደግሞ፣ «እኔ ነኝ ያሠራሁት» ትል ነበር። ይሁንላት።

ሐዋ! ነይ አውርጂው ከቁም ሳጥን! አንቺው በደላዳል አድገሽ የሹፌር የአንገት ትራስ ነው ትያለሽ?

«አባባ ደግሞ፣ ሰው ፊት ስሜን አጠፉት!» አለች እናቴ ሐዋ፤ ትራሱን ይዛ ገባች።

ስምሽ ቢጠፋ ወተቱን ጠብተሻል። በይ ወገቧ ዙሪያ አድርጊላት። ከፍ አድርጊው። ሰሚራ፣ አትጎንበሺ፣ ልጁ ወደ አንቺ ይምጣ። አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቂ። የውሃውን ጆግ እጇ በሚደርስበት አድርጉላት፤ ቆላ ነው፣ ሲጠባ ጥም ይነሳል። ካተኮሰሽ ወይም ጡትሽ ከጠጠረ ደግሞ በባጃጅ ጤና ጣቢያ እንወስድሻለን፣ እሱ የትራስ ሥራ አይደለም። እና ያኔ እናቴ ምን አለችኝ መሰለሽ፣ ልጅቷ ጠብታ ስትተኛ—

«አባባ።»

ወይ፣ ሰሚራ?

«ትንሽ ዝም ይበሉ። ይዟል።»

እሺ። እሺ ልጄ፣ ዝም አልኩ። … ይሰማችኋል? ቁ፣ ቁ ይላል። አልሐምዱሊላህ። አንቺም ልጅ መጻፉን አቁሚ፣ ወረቀትሽ ይንኮሻኮሻል።